«ልብ ብሉ» ያለችው አስተማሪ

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ማንጎው ዛፍ ሥር የነበርነው እነዚህ ነን። የዮጋ አስተማሪዋ፣ ጫማዋን አውልቃ። ልጆቹ፣ እያንዳንዳቸው ከየቤታቸው ባመጡት ምንጣፍ ላይ። ከልጆቹ መካከል የእኔዋ፣ ዳር ላይ፣ ሰማያዊ የፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ። ከእሷ ቀጥሎ አፉ የማይዘጋው የጎረቤቴ ልጅ። ጎረቤቴ ራሷ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምትለብሰውን ቀሚስ በቅዳሜ ለብሳ። ሌሎች እናቶች፣ አንዳንዶቹ ሕፃን ያዘሉ፣ አንዳንዶቹ ገበያ ሊሄዱ ዘንቢል የያዙ። የዕረፍት ቀኑን ስለነካንበት ፊቱ የጠቆረ ምክትል ርዕሰ መምህር። ዘበኛው። የማን እንደሆነች ያልታወቀች ነጭ ፍየል። እና እኔ። ባሌ አልነበረም፤ ሱቃችን ውስጥ ነበር። በኋላ ግን ታሪኩን ለከተማው ሁሉ፣ እዚያ እንደነበረ ሰው፣ ከእኔ አሳምሮ ያወራው እሱ ነው።

ለምን እንደተሰበሰብን ለመናገር ከልጄ መጀመር አለብኝ።

ልጄ ያን ጊዜ አንደኛ ክፍል ነበረች። ቤት ውስጥ ሬዲዮ ናት። ጠዋት ዓይኗን ሳትገልጥ ወሬ ትጀምራለች፤ ሌሊት ያየችውን ሕልም፣ ትናንት የቀረውን ወሬ፣ ለምን ጉንዳን ጫማ እንደማያደርግ። ከበር ስንወጣ ግን ያ ሁሉ ወሬ ደፍ ላይ ይቀራል። ሱቅ ስትመጣ ዝም። ዘመድ ሲስማት ዝም። ትምህርት ቤት ገብታ እስክትወጣ ዝም። ሰው ሰላም ሲላት ጫማዋን ታያለች። «መናገር አትችልም እንዴ?» ብለው ይጠይቁኛል። «ኧረ ቤት ብትሰሟት» እላለሁ። ማንም አያምነኝም። አንዳንዴ ድምጿን በጆሮዬ ፈጥሬ የምሰማው እየመሰለኝ ባሌን «አንተም ትሰማታለህ አይደል?» እለው ነበር። «እንዴት አልሰማ፣ መቼ አስተኛችኝ» ይለኛል።

እኔ ደግሞ የምፈራ ሰው ነኝ። ከወሎ ተድሬ ጋምቤላ ስመጣ ስለ ሙቀቱ ነገሩኝ፣ ስለ ወባው ነገሩኝ፣ ስለ ባሮ ወንዝ አዞ ነገሩኝ፤ ሁሉንም አመንኩ። አዞ እስከዛሬ በዓይኔ አላየሁም፤ ግን ድልድዩን ስሻገር መሃል መሃሉን ነው የምሄደው። ባጃጅ ስሳፈር «ወንድሜ ቀስ፣ ወንድሜ ቀስ» እያልኩ ነው የምደርሰው። አንዱ ሾፌር ዞር ብሎ «እናቴ፣ ቆመን እኮ ነው ያለነው» ብሎኛል።

ልጄን ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ አፏን አስከፍቶ አየ፣ ጆሮዋን አየ፣ ሥዕል አሳያት። «ምንም የለባትም፤ ትፈራለች። አታስገድዷት» አለኝ። ቀጥሎ «ከቤተሰቡ የሚፈራ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ የምርመራ አልጋውን ልጄ ሳትወጣበት በሶፍት እየጠረግኩ ስለነበር መልሱን ራሱ አገኘው።

አላስገድዳትም ብዬ ነበር። ግን የክፍል አስተማሪዋ አስጠራችኝ። ደግ ሴት ናት፣ እየከበዳት ነው የነገረችኝ።

«ልጅሽ ጽሑፏ ከሁሉም ያምራል። ሒሳቧም ጥሩ ነው። ግን ንባብ አለ። ጮክ ብላ ማንበብ አለባት። ያልሰማሁትን ማርክ ልሰጥ አልችልም። ዓመቱ ሳያልቅ ካላነበበችልኝ ትደግማለች።»

ባሌ «ትድገም፣ ምን ይሆናል» አለ፤ ግን እራቱን ሳይጨርስ ተነሳ። እኔ የፈራሁት መድገሙን አልነበረም። እነዚያ የለመደቻቸው ልጆች፣ ባትናገራቸውም አጠገባቸው የምትቀመጠው ልጆች፣ ትተዋት ካለፉ ጭራሽ ትዘጋለች ብዬ ነው። አንድ ቀን ቤት ውስጥም ዝም ብትልስ? ይኼን ለባሌ አልነገርኩትም። ነገር በአፍ ሲወጣ ይበረታል።

ጎረቤቴ ያመጣችው ወሬ እዚህ ላይ ይገባል። እሷ የዚሁ ከተማ ተወላጅ ናት፤ አንድ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች፤ ጸሎቷን የማታጓድል ፕሮቴስታንት ናት። አማርኛን የተማረችው ትምህርት ቤት ነው። ሁሉን ነገር በአማርኛ ታስረዳኛለች፤ ብቻ ባሌን «አንቺ» ትለዋለች። እሱም «አቤት» ይላታል። ለምዶታል። ልጇ ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ነው፤ ሲበላ ያወራል፣ ሲዋኝ ያወራል፣ በልተን ጠጥተን ሲሄድ መንገድ ላይም ድምፁ ይሰማናል።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆችን ዝም ማለት የምታስተምር ልጅ መጥታለች» አለችኝ። «ያንቺን ላኪ።»

«የእኔን? ዝም ማለት እንድትማር?»

«የእኔ ይማር። ያንቺ ታስተምር።»

ሥልጠናው ዮጋ ይባላል አለችኝ። አስተማሪዋ ኢታንግ ያደገች ወጣት ናት፤ እዚያ ከተፈናቀሉ ልጆች ጋር ስትሠራ ነው የተማረችው። ሰውነት ማፍታታት አለው፣ መተንፈስ አለው፣ የሚሆነውን ነገር ልብ ማለት አለው። ለባሌ ነገርኩት።

«እርጎ?» አለ።

«ዮጋ።»

«ትሂድ። እርጎም ቢሆን ትሂድ።»

«ምንጣፍ ይዛችሁ ኑ» ተብሎ ነበር። እኔ ከሱቅ ሰማያዊውን የፕላስቲክ ምንጣፍ አውጥቼ ፊቱንም ጀርባውንም በሳሙና አጠብኩት፤ መሬቱን ስላላመንኩት ከሥሩ የሚነጠፍ ሌላ ጨመርኩ። ሌሎቹ ልጆች የእህል ማዳበሪያ ይዘው መጡ። የሳሙና ካርቶን የያዘ አለ። አንዷ አጎበር ይዛ መጥታ ተጠቅልላበት መውጫ አጥታ ነበር። የጎረቤቴ ልጅ የቤታቸውን የበር መጋረጃ አምጥቷል፤ እናቱ ያወቀችው ማታ፣ አላፊ አግዳሚው የቤቷን ውስጥ ሲያይ ነው።

እኔ በሩ አጠገብ የዘበኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

«ልጄ፣ ወታደር ቤት አይደለም እኮ የላክሻት። ሂጂ ሥራሽን ሥሪ» አለኝ።

«ትንሽ ልይ፣ ጋሼ።»

«ትንሽ ካልሽ እሺ» አለና ቦታ ለቀቀልኝ። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ያን ቦታ ለእኔ ጠብቆልኛል።

አስተማሪዋ «ዛፍ ሁኑ» አለቻቸው፤ በአንድ እግር መቆም ማለት ነው። የከተማ ልጆች እንደበሰለ ማንጎ ዱብ ዱብ አሉ። ከገጠር አክስቱ ጋ ተቀምጦ ሊማር የመጣ አንድ ልጅ ግን የግራ እግሩን መርገጫ ቀኝ ጉልበቱ ላይ ለጥፎ እንደተተከለ ቆመ። «አጎቴ ከብት ሲጠብቅ እንደዚህ ነው የሚቆመው» አለ። «ዱላ ነው የጎደለኝ።»

«ዛሬ አስተማሪው አንቺ ነሽ» አለችው። እሷም እንደ ጎረቤቴ ናት፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። ልጁ ግን ቅር አላለውም፤ ደረቱን ነፍቶ በሌላኛው እግሩም ቆመ።

ልጄ ወደቀች። ተነሳች፣ ደግማ ወደቀች። ልሮጥ ብድግ ስል ዘበኛው ቀሚሴን ያዘ። ዞር ስል ልጄ እየሳቀች ነው፤ ድምፅ የለውም፣ ግን ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ከዚያ አስተማሪዋ የድስት ክዳን አንጠልጥላ በማንኪያ መታችው። «ድምፁን ስሙ። ሲያልቅ እጅ አውጡ።» የጎረቤቴ ልጅ ክዳኑ ሳይመታ ነው እጁን ያወጣው። ሌሎቹ አንድ በአንድ አወጡ። ልጄ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። እኔ ድምፁ ከጠፋብኝ ቆይቷል፣ እሷ አሁንም ትሰማለች። በመጨረሻ ቀስ ብላ እጇን አነሳች።

«አንቺ ጆሮ አለሽ» አለቻት አስተማሪዋ። ሌላ ምንም አላለቻትም። እስከዚያ ቀን ልጄን ያገኘ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚላት «ስምሽ ማን ነው?» ነው፤ ቀጥሎ «ምላስሽን ድመት በላችው?» ነው። ይህች ግን ሁለቱንም አልጠየቀቻትም። ልጄ ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብላ ፈገግ እንዳለች ነበር። ከበሩ እንደገባን አፏ ተከፈተ፤ እስከ መኝታ አልተዘጋም። የቤቴ ድስት ክዳኖችም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደተጎዳጎዱ ናቸው።

እንዲህ ሆኖ ሰነበተ። አንድ ቅዳሜ ዘበኛው በክንዱ ነካ አድርጎ ወደ አጥሩ ጠቆመኝ። ልጄ ፍየሏን ግንባሯ ላይ እያከከች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከግቢያችን ውጭ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያየሁት ያን ቀን ነው። «ከፍየልም ይጀመራል» አለ ዘበኛው። ለማንም እንዳይናገር አስማልኩት፤ ለእናቷ እንኳ፣ አልኩት። «እናቷ አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለኝ። «ለእናቷ» ያልኩት በድንጋጤ ነው።

ታዲያ ነገሩ በዚህ ላይ እያለ አንድ ማታ ጎረቤቴ ልጇን በእጁ እየጎተተች ቤቴ ገባች።

«ንገሪያት» አለችው።

ልጁ ደስ ብሎት ነገረኝ። «ቲቸር ነፍሳችሁን አውጡ ትለናለች፣ እናወጣለን። ከዚያ ልብ ብሉ ትለናለች። ከዚያ ሁላችንም ሬሳ እንሆናለን።»

እጄ ላይ የነበረው ብርጭቆ አልወደቀም፤ ቀድሜ አስቀምጬዋለሁ። ጎረቤቴ ግን ተቀመጠች።

«መጽሐፍ ቅዱስ የማነበው በአማርኛ ነው» አለችኝ። «ነፍስ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ነፍስ አታወጪም። እግዚአብሔር ነው የሚያወጣው።»

በእኛም አገር «ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ» የሚባለው ለሚያጣጥር ሰው ነው። እነሱ ሲሄዱ ልጄን ጠራኋት።

«ነፍስሽን አወጣሽ?»

«አዎ።»

«በየት?»

«በአፍንጫ። አንዳንዴ በአፍ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ተመልሶ ይገባል። ካልገባ እኮ ትሞቻለሽ፣ እማ።»

«ልብም በላችሁ?»

«ብሉ ትለናለች።»

«የምን ልብ?»

«የየራሳችንን» አለችና አፏን በእጇ ይዛ ወደ ጓዳ ሮጠች። ሳቋ ይሰማኛል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

በነጋታው ወሬው ገበያ ደረሰ፤ ከጎረቤቴ ይሁን ከልጇ አፍ አላውቅም፤ እኔ ግን አልተነፈስኩም። ጠዋት አንድ ደንበኛ ሱቅ መጥቶ «ለልጆች የዶሮ ልብ ያበሏቸዋል አሉ» አለ። ከሰዓት የበሬ ልብ ሆነ። ባሌ «እስከ ማታ የዝሆን ይሆናል» አለ። «ሥጋ በተወደደበት በዚህ ዘመን ልብ በነፃ የሚያበላ ከተገኘ እኔም ምንጣፌን ይዤ እሄዳለሁ።»

«አትቀልድ። ልብ ከሆነስ በማን እጅ የታረደ ነው?»

«የየራሳችንን ብላሻለች አይደል? ያንቺው ልጅ ናት፣ ሐላል ናት።»

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ልጄን ማስቀረት ቀላል ነበር፤ ማስቀረት የማውቀው ነገር ነው። ከውኃ አስቀርቻታለሁ፣ ከዝናብ አስቀርቻታለሁ፣ ከዛፍ ላይ አስቀርቻታለሁ። ግን ከዚያ ማንጎ ሥር ካስቀረኋት ከፍየሏ ጋር የጀመረችውን ማን ጋ ሄዳ ትጨርሳለች? ንባቡስ? የትምህርት ዓመቱ ሊያልቅ ደርሷል። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

እናቶች ለምክትል ርዕሰ መምህሩ ነግረውት ኖሮ፣ ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ የዘረዘርኳችሁ ሰዎች ሁሉ ማንጎው ሥር ተገኘን።

ምክትሉ መሃል ላይ ቆመ። «እህቴ፣ ወላጆች ቅሬታ አላቸው» አላት አስተማሪዋን። «ለልጆቹ የምትያቸውን አሁን እኛ ፊት በይልን። ምንም ሳትቀንሺ።»

አስተማሪዋ ረጅም ናት፤ ሲያዩዋት ግን ያን ጊዜ አጠረች። አማርኛዋ በደህናው ቀን ይበቃታል፤ ስትደነግጥ ግን ይበተንባታል። ሁላችንንም አየችን፣ ዓይኖቿ ረጠቡ፣ ወደ ልጆቹ ዞረች።

«ልጆች» አለች። «ልብ ብሉ።»

እናቶቹ አጉረመረሙ። ሕፃን ያዘለችው ሕፃኗን ወደ ደረቷ አዞረችው።

«ነፍስ በአፍንጫ አስገቡ» አለች። ልጆቹ አስገቡ። «ቆይ። አሁን ነፍስ አውጡ። ቀስ።» ልጆቹ አወጡ። «ሁሉ ነፍስ ይውጣ።»

«በኢየሱስ ስም» አለች ጎረቤቴ። እኔም በልቤ የማውቀውን ቀራሁ።

«ሬሳውስ?» አለ ምክትሉ።

«እሺ» አለች አስተማሪዋ፣ የሚጠይቃት መስሏት። «አሁን ሬሳ ሁኑ።» ልጆቹ ሁሉ በጀርባቸው ተዘረጉ። የጎረቤቴ ልጅ ምላሱን ሁሉ አውጥቶ ነው የተዘረጋው።

ምክትሉ እጁን ወደኋላ አጣመረ። «በቃ። ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ሥልጠናው ይቁም። ልጆች፣ ምንጣፋችሁን አንሡ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። አስተማሪዋ ክዳኗን ከመሬት ልታነሳ ጎንበስ አለች። ያን ጊዜ ከመሬት አካባቢ አንድ ድምፅ መጣ።

«ብሉ አይደለም። በሉ ነው።»

ምክትሉ ወደ ግራ ዞረ። ጎረቤቴ ወደ ኋላ ዞረች። ዘበኛው ፍየሏን አየ። ማን እንደተናገረ ማንም አላወቀም፣ ምክንያቱም ያን ድምፅ ከእኔ በቀር እዚያ የሰማው አልነበረም። እኔ አልዞርኩም። ወፍ መስኮት ላይ ስታርፍ ሰው እንደሚሆነው ሆንኩ፤ ዓይኔን ማንጎው ግንድ ላይ ተክዬ ቀረሁ።

«ልብ በሉ ማለቷ ነው» አለ ድምፁ። «ነፍስም አይደለም። ትንፋሽ ነው። እኛ እናውቃለን። ቲቸር ናት የማታውቀው።»

ልጄ በጀርባዋ እንደተኛች፣ ዓይኗን እንደጨፈነች ነበር። ዓይኗን ብትገልጥ ሁላችንን ታየን ነበር፤ ብታየን ይዘጋት ነበር። አሁን ሳስበው እንደዚያ ይመስለኛል።

የጎረቤቴ ልጅ ምላሱን ሰብስቦ ተነስቶ ተቀመጠ። «እሷ ትናገራለች እንዴ?» አለ። ከዚያ አፉን ከፍቶ ቀረ። እናቱ በኋላ እንደምትለው፣ ዮጋው ለእሱ የሠራው ያን ደቂቃ ብቻ ነው።

አስተማሪዋ አልሮጠችም፣ አልጮኸችም፣ ልጄን አላቀፈቻትም። ወደ ምንጣፉ ሄዳ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠችና «እንደገና በይልኝ» አለቻት፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

«በሉ።»

«ቤሉ።»

ልጄ እንደተኛች ራሷን ነቀነቀች። «በ። በሉ።»

«በሉ። ልብ በሉ።»

«እ።»

«ያኛውስ? ትፋሽ?»

«ትን።»

«ትን። ትንፋሽ።»

«እ» አለች ልጄ፣ የክፍል አስተማሪዋ በምትልበት አኳኋን።

ጎረቤቴ ናት ቀድማ የሳቀችው። ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ እናቶቹ ሁሉ። ሕፃኑ ደንግጦ አለቀሰ። ምክትሉ አፉን በመሐረብ ሸፈነ፣ ጉሮሮውን ጠረገና፣ መሐረቡን ሳያነሳ፣ «ጥሩ» አለ። «ተጣርቷል።»

ጎረቤቴ ዓይኗን እየጠረገች «ሬሳው ግን ይነሳ» አለች።

«የቱ ሬሳ?» አለ ምክትሉ።

«ስሙ ነዋ፣ የዚህ መጋደም ስም። ልጄን ሬሳ አትበሉብኝ። ሞት ስሙን ሲጠሩት ይመጣል።»

በዚህ ሁላችንም ተስማማን፤ ልጆቹ ስም ፍለጋ ገቡ። አንዷ «አባቴ ከምሳ በኋላ» እንበለው አለች። ዘበኛው «ዘበኛ በሉት፣ አልቀየምም» አለ። በመጨረሻ ያ በአንድ እግሩ የሚቆመው ልጅ «የቀትር አዞ» አለ፤ ቀትር ላይ ዳር ወጥቶ የሚዘረጋው። ልጆቹ ተቀበሉት። እኔ አዞውን አልወደድኩትም። ከሬሳ ይሻላል ብዬ ግን ተውኩት።

ያን ቀን ልጄ ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ባጃጁ ውስጥ ጫማዋን እያየች ነበር። እኔም አልጠየቅኳትም፤ «ጎበዝ» እንኳ አላልኳት። እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ፤ አለዚያ አቅፌያት እንባዬን ሁሉ አፈስባት ነበር። ሾፌሩ በፍጥነት ሲነዳ እንኳ «ቀስ» አላልኩትም። ከቤት እንደገባን ባሌ ሱቁን ዘግቶ ጠበቀን፤ ዘበኛው ቀድሞ ደውሎለታል። መሐላው ለፍየሏ ብቻ ነበር አለኝ በኋላ።

የንባቡ ነገር ግን ገና ነበር። ተናገረች እንጂ አላነበበችም፤ ክፍል ውስጥ ሰኞ ስትገባ እንደድሮዋ ዝም። የክፍል አስተማሪዋ «ሰማሁ፣ ደስ ብሎኛል፣ ግን እኔ አልሰማኋትም» አለችኝ። አዘነችም፣ ቸገራትም።

ዘዴውን ያመጣችው የዮጋ አስተማሪዋ ናት። በሚቀጥለው ቅዳሜ የአንደኛ ክፍል የአማርኛ መጽሐፍ ይዛ መጣች። ልጆቹ ሲበተኑ ልጄን አስቀረቻትና «አማርኛዬን አርሚልኝ» አለቻት። ማንበብ ጀመረች። የክፍል አስተማሪዋ ከማንጎው ግንድ ጀርባ፣ ለእኛ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ ነበር፤ ልጄ አላየቻትም። እኔ ዘበኛው ወንበር ላይ ነበርኩ።

አስተማሪዋ አነበበች። «ላም ሣር በላች» የሚለውን «ላም ሣር አለች» አለችው። የምሯ ይሁን ሆን ብላ እስከዛሬ አላውቅም፤ ስጠይቃት «ግማሹ የምሬ ነው» ብላ ሳቀች። ልጄ አረመቻት። ሌላ ቃል ሳተች፤ አረመቻት። ሌላ። በመጨረሻ ልጄ ትዕግሥቷ አለቀ። ቤት ውስጥ የማውቀው ፊቷ፣ ያ እኔን ስታርመኝ የምታሳየኝ ፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ደጅ ወጣ። መጽሐፉን ከእጇ ወሰደችና «ቲቸር፣ ዝም ብለሽ ስሚ» አለቻት። ከዚያ ገጹን ከላይ እስከ ታች፣ ጣቷን እያስከተለች፣ ጮክ ብላ አነበበችው። ገጹን ገልጣ ቀጣዩንም አነበበች፤ ማንም አላዘዛትም።

የክፍል አስተማሪዋ በግንዱ በኩል ብቅ ብላ አውራ ጣቷን አሳየችኝና በጓሮ በር ወጣች። ዘበኛው «ልጄ፣ መተንፈስ ትችያለሽ እኮ» አለኝ። ሳልተነፍስ ቆይቼ ኖሯል።

ልጄ ወደ ሁለተኛ ክፍል አለፈች። ደህና ሆነች አልላችሁም፤ እንዲያ ብዬ ክፉ ዓይን አላስገባባትም። ዛሬም እንግዳ ሰው ሲያናግራት ጫማዋን ታያለች። ግን ክፍል ውስጥ ታነባለች። ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ትጣላለች፣ በድምፅ። ባለፈው ሳምንት ሱቅ ውስጥ አንድ ደንበኛ የጠየቀው ዕቃ የት እንዳለ ባሌ ሲጠፋው፣ ከጠረጴዛው ሥር «ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ» የሚል ድምፅ ወጣ። ደንበኛው ጎንበስ ብሎ አየ።

አስተማሪዋ ግን ከእኛ ጋር አልቆየችም። ክረምቱ ሳይገባ ሥራዋ ወደ ጎግ ወረዳ ተዛወረ። እዚያም ልጆች አሉ አለችን። ልጄ ስትሰናበታት አላለቀሰችም፤ አስተማሪዋ የተሳፈረችበት መኪና ሲነሳ ግን ተከትላ እስከ አስፋልቱ ሮጠች፤ እኔም ከኋላዋ። ስልክ ቁጥሯን ሰጥታን ነበር። የክረምቱ መጨረሻ ላይ ልጄ «እኔ ላውራት» አለችኝ። ልጄ በስልክ ከሰው ጋር ላውራ ስትል የመጀመሪያዋ ነው፤ ወዲያው ደወልኩላት። የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም የምትለው ሴትዮ ተናገረች። ልጄ እስከ መጨረሻው አዳምጣ፣ «እሺ፣ በኋላ እደውላለሁ» ብላ መለሰችላት። ከዚያ ወዲህ ሳይሰለቸን ደውለናል፤ የምታነሣው ያችው ሴትዮ ናት። መንገዱ በዝናብ ተበላሽቶ ይሆናል፣ ኔትወርኩ ይሆናል፣ ስልኳ ጠፍቶ ይሆናል፤ ባሌ ይህን ሁሉ ይዘረዝርልኛል። እኔን ታውቁኛላችሁ፣ ሌላውንም አስባለሁ። ልጄ ደግሞ ገና ሁለተኛ ክፍል ሆና የሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ ከሰው ተውሳ ለእሷ የምታነብላት ገጽ መርጣ አስቀምጣለች።

ስለዚህ ወደ ጎግ የምትመላለሱ፣ ወይም እዚያ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች ይህን ካነበባችሁ ልጠይቃችሁ። ረጅም ወጣት ናት፤ ስትስቅ የፊት ጥርሶቿ መካከል ክፍተት ይታያል፤ ልጆችን ዛፍ ሥር ሰብስባ በአንድ እግር ታስቆማለች። እንደሷ ያለ ሌላ ሰው አይኖርም። አይታችኋታል? ደህና ናት? ጋምቤላ መሃል ከተማ፣ ገበያው አጠገብ፣ ምንጣፍ የሚሸጥ ሱቅ ብላችሁ ወሬዋን ላኩልን።